የስኳር በሽታ ያለባት ነፍሰ ጡርና የሚዛኑ ነገር

በአገራችን ልማድ «ወፈርሽ» የሚለው ቃል ከምስጋና ይቆጠራል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ዘመዳሞች ተሳስመው ሲያበቁ አስቀድመው የሚመለከቱት የሰውነትን መሙላት ነው፤ የወፈረ ሰው የተመቸው፥ የከሳ ሰው የተቸገረ ይመስላቸዋልና። ይህም ምስጋና ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ነው። ጎረቤት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ ከመረቀ በኋላ «ለሁለት ነፍስ ነውና ብዪ» ሳይል አይለይም። ረኃብን ደጋግሞ ያየ ሕዝብ ለነፍሰ ጡር ምግብ ማብዛቱ የሚያስወቅስ ሳይሆን የሚያስመሰግን ደግነት ነው። ነገር ግን ይህ ደግነት የስኳር በሽታ ካለባት እናት ቤት ሲገባ ምን እንደሚያስከትል፥ በቤታችን ያየነውንና ከሐኪሞች የተማርነውን ለአንባብያን፥ ይልቁንም ለባሎችና ለአማቶች፥ ልንጽፍ ወደድን።

የምንኖረው በአዲስ አበባ መካከል፥ ባምቢስ በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ አንድ የግሪክ ተወላጅ ነጋዴ ካቆመው የምግብ መደብር የመጣ ነው፤ አጠገቡ ያለው ካዛንቺስም ስሙን የወረሰው የኢጣልያ መንግሥት በወረራው ዘመን ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነውና፥ አካባቢያችን በስሙ እንኳ የብዙ አገር ሰው እጅ ያለበት ነው። ወደ ስታዲየም በኩል የሄደ ሰው ደግሞ በአገራችን ይኖሩ የነበሩ ሕንዳውያን በማሕተመ ጋንዲ መታሰቢያነት ያሠሩትንና ለእናቶች ሕክምና የታወቀውን ሆስፒታል ያገኛል። ስለዚህ በሰፈራችን መንገድ ነፍሰ ጡር እናቶች ካርዳቸውን ይዘው ሲያልፉ ማየት የዘወትር ነገር ነው። በእግረኛው መንገድ ዳርም ሚዛን ዘርግተው ለላፊ አግዳሚው ክብደቱን በጥቂት ብር የሚነግሩ ልጆች ይቀመጣሉ። የኋላ ኋላ እነዚህ ሚዛኖች ለቤታችን ትልቅ ጉዳይ ሆኑ።

የመጀመሪያዪቱ ልጃችን በ2009 ዓ.ም. ስትወለድ 4 ኪሎ ከ400 ግራም ትመዝን ነበር። በደጅ ሆነው ይጠባበቁ የነበሩ ዘመዶች ይህን ሲሰሙ እልልታውን አቀለጡት። በውስጥ ግን የሆነው ሌላ ነበር። የሕፃኗ ራስ ከወጣ በኋላ ትከሻዋ ተይዞ አዋላጆቹ በብዙ ድካም አወጧት፤ ቀኝ እጇም በትከሻዋ በኩል ያለው ጅማት ተጎድቶ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ ቀረ። በዚያው ሌሊት ደግሞ ስኳሯ ወርዶ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ እጇ ከ5 ወር በኋላ ተንቀሳቀሰ፤ ዛሬም የምትጽፈው በዚያው እጅ ነው። በዚያ የእርግዝና ዘመን ሁሉ ግን የእናቲቱ ስኳር አንድ ጊዜ እንኳ አልተመረመረም። በየቀጠሮው ትመዘን ነበር፤ ክብደቷም 22 ኪሎ እስኪጨምር ድረስ በካርዱ ላይ በሚገባ ተጽፏል። የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ የነገረን ሰው ግን አልነበረም። ቦታውን በስም መጥራት ለአንባቢ ጥቅም ስለማይሰጥ እንተወዋለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ባለቤታችን ውኃ ጥሙና ሽንቱ ቢበዛባት ተመርምራ የስኳር በሽታ እንዳለባት ታወቀ።

የልጅ መተለቅ ከእናት ስኳር ጋር ያለውን ዝምድና በሚገባ የገለጠው ዮርገን ፔደርሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በእናት ደም ውስጥ ያለው ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ስኳሩን የሚገዛው የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ ፅንሱ የመጣለትን ስኳር ሁሉ በገዛ ቆሽቱ ኢንሱሊን አመንጭቶ ሊያስተናግደው ይገደዳል። ኢንሱሊን ደግሞ በፅንስ ዘመን ማሳደጊያም ስለ ሆነ ሕፃኑ ይተልቃል፤ ስቡም ይልቁን በትከሻውና በደረቱ ላይ ይከማቻል። ትከሻ የሚያዘው ስለዚህ ነው። እትብቱ በተቆረጠ ጊዜ የእናቲቱ ስኳር በአንድ አፍታ ይቋረጣል፤ የሕፃኑ ቆሽት ግን የለመደውን ኢንሱሊን ማፍሰሱን ወዲያው አይተውምና የሕፃኑ ስኳር ይወርዳል። በዚያ ሌሊት ልጃችንን ያንቀጠቀጣት ምን እንደ ሆነ የገባን ይህን በሰማን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፥ በ9 አገሮች ከ23 ሺህ በላይ እናቶች የተመረመሩበት ትልቅ ጥናትም የእናት ስኳር ከበሽታው ወሰን በታች እንኳ ሳለ ከፍ ባለ መጠን የሕፃኑም ክብደት አብሮ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የእናቲቱ የራሷ ክብደት ነው። ስኳሩ ከተገዛ ክብደቱ ምን ቸገረን የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ስኳሯን በሚገባ የያዘች እናት እንኳ ከመጠን ያለፈ ክብደት ስትጨምር ሕፃኑ የመተለቁ፥ በቀዶ ሕክምና የመውለዷና የደም ግፊት የመነሣቱ ነገር ይበዛል፤ ከወለደችም በኋላ የተከመረው ኪሎ በቀላሉ አይወርድም፤ ያልወረደው ኪሎም በሽታውን ያጸናዋል።

ታዲያ መጠኑ ስንት ነው? የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መለኪያ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል፤ የስኳር በሽታ ላለባቸው እናቶች ተለይቶ የተሠራ ሌላ ሠንጠረዥ ስለሌለ እነርሱም የሚመሩት በዚሁ ነው። ሒሳብ ከምናስተምራቸው ትምህርቶች አንዱ ነውና ቁጥሩን መዝለል አይሆንልንም። ከእርግዝና በፊት የነበረውን ክብደት በኪሎ ወስዶ፥ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ፥ ክብደቱን በዚያ ማካፈል ነው። የባለቤታችን ክብደት 71 ኪሎ፥ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ነበር፤ 1.60 በራሱ ሲባዛ 2.56 ይሆናል፤ 71ን ለ2.56 ብናካፍል 27.7 ይደርሳል። ከ18.5 በታች የወጣላት ቀጭን እናት ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ ልትጨምር ይገባታል፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለችው ከ11.5 እስከ 16፤ ከ25 እስከ 29.9 ያለችው ከ7 እስከ 11.5፤ ከ30 በላይ የሆነችው ከ5 እስከ 9 ኪሎ። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ከ7 እስከ 11.5 ነበር፤ ከአራተኛው ወር ወዲያ በሳምንት 300 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ይህ በመጀመሪያው እርግዝና ከተጨመረው 22 ኪሎ ጋር ሲመዛዘን ከእኩሌታው ብዙም አያልፍም።

ሁለተኛው እርግዝና የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነው። ባለቤታችን ከመፅነሷ አስቀድማ ሐኪሟን ስላማከረች ብዙ ነገር ተስተካክሎ ነበር። የሕፃኑ ልብና አከርካሪ የሚሠሩት እናቲቱ መፅነሷን ገና በቅጡ ሳታውቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ሆነ፥ ስኳሩ መስተካከል ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቪታሚን አስቀድማ ጀመረች፤ ትውጠው የነበረውንም ክኒን ሐኪሙ በኢንሱሊን መርፌ ለወጠላት። በሰፈራችን ኢንሱሊን «የመጨረሻ መድኃኒት» እየተባለ ይፈራል፤ ሕፃኑን ይጎዳል የሚሉም አሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከላይ እንዳልነው የእናት ኢንሱሊን ወደ ሕፃኑ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ይህ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት የስኳር በሽታ ያለባት ሴት ወልዳ ለመሳም መብቃቷ እጅግ ብርቅ ነበረ።

ሚዛኑን በተመለከተ አንድ ትንሽ ነገር እናንሣ። ባለቤታችን በየሳምንቱ ክብደቷን ለማወቅ በመንገድ ዳር ካሉት ልጆች ዘንድ ትመዘን ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ሚዛን ከሌላው በ2 ኪሎ ይለይ ነበር። አንዱ ልጅ ቢያደንቃትም ሌላው ያስደነግጣታል። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ስቆ፥ ሚዛኑ የፈለገው ይሁን፥ ግን ሁልጊዜ አንድ ሚዛን፥ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ፥ ቀለል ባለ ልብስ ይሁን አለ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ደንበኛዋ አንድ ልጅ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ቁጥሩን በደብተሩ ይጽፍላት ጀመር።

ነሐሴ በገባ ጊዜ የጾሙ ነገር መጣ። ፍልሰታን እናቶች እንዴት እንደሚወዷት ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ባለቤታችን ከልጅነቷ ጀምሮ ፍልሰታን እስከ ቅዳሴ መውጫ ሳትቀምስ የጾመች ስለ ሆነች፥ በስድስተኛው ወሯም ይህን ልተው ማለት ሞት መሰላት። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ግን በሰዓቱ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። እንግዲህ በእኛ ትምህርትም በእርሷም እልህ የሚፈታ ነገር ስላልነበረ ወደ ነፍስ አባታችን ሄድን። አባታችን ነገሩን ጸጥ ብለው ከሰሙ በኋላ፦

«ልጄ፥ በስንት ሰዓት ነው መርፌውን የምትወስጂው?» አሉ።

«በ1 ሰዓት ነው፥ አባቴ።»

«እንግዲያስ በ1 ሰዓት ትበያለሽ። ጾም ለነፍስ የተሰጠ መድኃኒት ነው እንጂ ለማሕፀን ልጅ የታዘዘ ቅጣት አይደለም። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ያዘዘ እንደ ሆነም እርሱን ጠይቂ፤ እኔ ፈትቼሻለሁ። አንቺ ግን ውዳሴ ማርያምሽን አታስታጉዪ፤ የምትተዪውንም ምሳ ለተቸገረ ስጪ።»

ወደ እኛም ዘወር ብለው፥ «አንተም ዲያቆን ነህና ይህ አዲስ ነገር አይምሰልህ፤ ደዌ ያለበትንና ነፍሰ ጡርን ቤተ ክርስቲያን መቼ አስጨንቃ ታውቃለች?» አሉ። ባለቤታችን ከዚያ ስትወጣ አለቀሰች፤ በማግሥቱ ግን በ1 ሰዓት በላች።

ስለ ጾም ምግብ ከተነሣ አይቀር አንድ አስተያየት እንጨምር። የአባቶቻችን የጾም ማዕድ ሽሮ፥ ምስር፥ ባቄላ፥ ጎመንና ተልባ ነበር፤ ይህ ለስኳር በሽተኛም የሚስማማ ነው። በከተማው ዛሬ «የጾም» ተብሎ የሚቀርበው ግን መኮረኒ በዳቦ፥ ድንች በሩዝ፥ በላዩም ለስላሳ መጠጥ ነው። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ይዛለች። ይህን የሚበላ ሰው ከሥጋና ከቅቤ ርቋል እንበል፤ ከመብል ግን አልራቀም። እንጀራም ቢሆን በሆድ ውስጥ ስኳር መሆኑ አይቀርምና፥ ሐኪሙ ሳሕኑን እኩሌታውን ጎመንና ሰላጣ፥ አንድ አራተኛውን ምስር ወይም እንቁላል ወይም ሥጋ፥ የቀረውን ብቻ እንጀራ እንድታደርገው ነግሯታል።

በመስከረም መጨረሻ አማታችን ከደብረ ማርቆስ አካባቢ መጡ። አመጣጣቸውም ባዶ እጃቸውን አልነበረም፤ የተነጠረ ቅቤ በቅል፥ ለአጥሚት የሚሆን የገብስ ዱቄት፥ ማርም ነበራቸው። ልጃቸውን ባዩ ጊዜ ደንግጠው፥ «ምነው ልጄን ከሳች! እርጉዝ ሴት እንዲህ ትመነምናለች?» አሉ። እኛም ስለ ሚዛኑና ስለ ሠንጠረዡ ብናስረዳቸው በትሕትና ሰምተው፥ «መምህር፥ አንቱ የተማሩ ነዎት፥ አልነቅፍዎትም፤ እኔ ግን ሰባት ወልጄ ሰባቱንም በአጥሚት ነው ያሳደግኋቸው» ብለው መለሱልን። አማት ሰባት ልጅ አስመስክራ ስትከራከር አማች ምን ይመልሳል?

በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚዛኑ ልጅ ደብተር 2 ኪሎ ተኩል ጭማሪ አሳየ። የመደበኛው መጠን 900 ግራም ነበር። በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ይህን ባየች ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ምግብ አልነበረም፤ የደም ግፊቷን ለካች፥ ሽንቷን አስመረመረች፥ እግሯንና ፊቷን ዳስሳ አበጠ እንደ ሆነ አየች። በእርግዝና ጊዜ በድንገት የሚጨምር ክብደት ስብ ሳይሆን ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ያም ከደም ግፊት ጋር ሲመጣ እናትንም ልጅንም የሚገድል ሕመም ምልክት ነው። ራስ ምታትና የዓይን መጋረድም ካለበት ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም። ይህ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን ስለ ምግብ ተጠየቀ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በማር የጣፈጠ አጥሚት መኖሩም ወጣ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። አማታችንን ከደጅ አስጠርታ አስቀመጠቻቸውና፥ «እማማ፥ የእርስዎን አጥሚት አልከለክልም፤ ግን አንድ ሥራ ልስጥዎት» አለቻቸው። ሥራውም ይህ ነበር፤ በጣት ደም ስኳር የሚለካውን ትንሽ መሣሪያ ይዘው የልጃቸውን ስኳር ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ እንዲያዩ። ለነፍሰ ጡር ከምግብ በፊት ከ95 በታች፥ ከ1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፥ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ120 በታች እንዲሆን ይፈለጋል። በማግሥቱ አጥሚቱ ተጠጣ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ መሣሪያው 186 አለ። በሦስተኛው ቀን በምስር ወጥና በጎመን ግማሽ እንጀራ ተበልቶ፥ ከምግብም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እስከ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ደርሰው በእግር ተመለሱ፤ 112 ሆነ። አማታችን ፊደል አይለዩም፤ ቁጥር ግን ከገበያ ያውቃሉ። መሣሪያውን አገላብጠው ካዩ በኋላ «እንግዲህ ማሩን ለእንግዳ አስቀምጡት» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ በቤታችን ከእርሳቸው የበለጠ ጠባቂ አልነበረም፤ ድፎ ዳቦ ይዛ የመጣች ጎረቤት እንኳ በእርሳቸው እጅ ተመርምራ ነበር የምትገባው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ያነበበች ነፍሰ ጡር ሁሉ ከማዕድ ትራቅ ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች ከመቶው 22 ከሚገባው በታች የከሱ፥ 8 ብቻ ከመጠን ያለፉ ሆነው ተገኝተዋል። በገጠሩ የሚያስፈራው ማነስ ነው፤ በከተማው ግን ሁለቱም በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። በሰፈራችን አንዲት እኅት በሰባተኛ ወሯ ስኳር እንዳለባት ሲነገራት ፈርታ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትበላ ጀመር፤ በአንድ ወር 3 ኪሎ ከሳች። በሽንቷ ውስጥ ኪቶን የተባለ ነገር ተገኘ፤ ይኸውም ሰውነት የሚበላው አጥቶ የገዛ ስቡን ሲያቃጥል የሚወጣ ነው። ለልጁ የሚሆነው ምግብ ከአንድ መዓት ወደ ሌላ መዓት መሸሽ ሆነ። ሐኪሞቹ ሦስት መጠነኛ ማዕድና በመካከላቸው ጥቂት ቁርስ አዘዙላትና ክብደቷ ተመለሰ።

በእርግዝና የሚመጣ ስኳርም በአገራችን ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት በትግራይ ገጠር ከተመረመሩት እናቶች ከመቶው 3.7፥ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በጎንደር ከተማ ከመቶው 12.8 ተገኝቶባቸዋል። መለኪያው የተለያየ፥ አንዱ ገጠር ሌላው ከተማ ስለ ሆነ ልዩነቱን ሁሉ የበሽታው መስፋፋት ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ከ8 እናቶች አንዲቱ ማለት ችላ የሚባል አይደለም። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ባዶ ሆድ ደም ተሰጥቶ፥ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተጠጥቶ፥ ከ1 እና ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይለካል። 92፥ 180፥ 153፤ ከእነዚህ አንዱን የነካ ወይም ያለፈ ሁሉ በሽታው አለበት ይባላል። በ2009 ዓ.ም. ይህን የነገረን ቢኖር ኖሮ!

ባለቤታችን በ38ኛው ሳምንት፥ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጨመረችው 10 ኪሎ ነበር። ሕፃኑ 3 ኪሎ ከ300 ግራም መዘነ፤ ትከሻውም ያለ ችግር ወጣ፤ ከተረከዙ በተወሰደች ጠብታ ደምም ስኳሩ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ዘመዶች «ትንሽ ነው» ብለው ጥቂት ቅር ሳይላቸው አልቀረም። የእናቲቱም የኢንሱሊን መጠን በማግሥቱ እጅግ ተቀነሰ፤ እንግዴ ልጁ ሲወጣ ኢንሱሊንን ይቃወም የነበረውም ነገር አብሮ ይወጣልና፥ መጠኑ ባይቀነስ ስኳሯ በወረደ ነበር። ገንፎው አልቀረም፤ አማታችን የአራሷን ድርሻ በሲኒ ለክተው፥ ቅቤውን በማንኪያ ቆጥረው ሰጧት፤ የቀረውን ለጠያቂዎች አበሉ።

በእርግዝና ጊዜ ብቻ ስኳር የታየባቸው እናቶች አብዛኞቹ ከወለዱ በኋላ ስኳራቸው ይመለሳል፤ ኋላ ግን ዋናው የስኳር በሽታ የሚይዛቸው ከሌሎች እናቶች 7 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ከወለዱ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ዳግመኛ እንዲመረመሩ ይታዘዛል። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ሁለቱም ቀኖች በዚህ ጊዜ ውስጥ ይውላሉ። የክርስትናው ቀን ሲቃረብና ለድግሱ ጤፍ ሲገዛ፥ እናቲቱን በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ባዶ ሆዷን ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።